የጌም ላፕቶፕ ፕሮሰሰር መቀየር፦ መቼ ያዋጣል?

በዘንድሮው የትምህርት ዘመን ለኮምፒውተር ክበባችን ከቀረቡት ጥያቄዎች ሁሉ የበዛው «ላፕቶፔ ጌም ሲያጫውት ይንቀራፈፋል፤ ፕሮሰሰሩን ብቀይርለት ይሻለው ይሆን?» የሚለው ነው። ጥያቄው የተማሪዎች ብቻ አይደለም። ልጃቸው ገንዘብ የጠየቃቸው ወላጆችም ወደ ክበባችን ብቅ እያሉ «እውነት ያስፈልገዋል ወይስ ሰበብ ነው?» ብለውናል። ስለዚህ በዚህ የዓመት መጽሔት ላይ መልሱን ብቻ ሳይሆን መልሱ የሚገኝበትን መንገድም ለማሳየት ወደድን። ካልኩሌተርና ጥቂት ትዕግሥት ያለው ማንኛውም የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሊከተለው ይችላል።

ትምህርቱን የምንሰጠው በክበባችን ጠረጴዛ ላይ በቀረበ አንድ ማሽን ላይ ተመርኩዘን ነው። ባለቤቱ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ላፕቶፑ ከዱባይ ከመጡ ያገለገሉ ዕቃዎች መካከል የተገዛ ሲሆን በውስጡ ያለው ፕሮሰሰር እ.ኤ.አ. በ2013 ገበያ ላይ የዋለው የኢንቴል ኮር አይ5-4200ኤም ነው። ተማሪው የሰፈር ልጆችን እያስጠና 30,000 የጅቡቲ ፍራንክ አጠራቅሟል። አንድ ጥገና ቤት «አይ5 ስለሆነ ነው የሚንቀራፈፈው፤ አይ7 ላስገባልህ» ብሎ የእጅ ዋጋን ጨምሮ 18,000 ፍራንክ ጠይቆታል። በዚያው ላፕቶፕ ጌም ይጫወታል፣ የቤት ሥራውን ይሠራል፣ የክፍሉንም ቪዲዮዎች ያቀናብራል። እናቱ አብረውን ተቀምጠው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን፦ «ይህ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ዕቃው ስንት ዓመት ያገለግለዋል?»

ከጌሙ ፍጥነት ይልቅ ሥራችንን የመራው ይህ የእናትየው ጥያቄ ነው ማለት ይቻላል።

ፕሮሰሰሩና ግራፊክሱ እንዴት ሥራ ይካፈላሉ?

በስክሪኑ ላይ የምናየው ጌም በፍጥነት የሚፈራረቁ ምስሎች ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ምስል ፍሬም ይባላል። በሰከንድ 60 ፍሬም ሲመጣ እንቅስቃሴው ለስላሳ ነው። 30 ሲሆን መጫወት ይቻላል፤ ከዚያ ሲወርድ ግን ተጫዋቹ የጫነው ቁልፍና በስክሪኑ የሚያየው ነገር መራራቅ ይጀምራል። በሰከንድ 60 ፍሬም ለማግኘት እያንዳንዱ ፍሬም በ1000 ÷ 60፣ ማለትም በ16.7 ሚሊ ሰከንድ ተሠርቶ ማለቅ አለበት። ለ30 ፍሬም ደግሞ 33.3 ሚሊ ሰከንድ ይበቃል።

አንድን ፍሬም የሚሠሩት ሁለት ናቸው። ፕሮሰሰሩ ኳሷ የት እንዳለች፣ የትኛው ተጫዋች ወዴት እንደሮጠ፣ ግጭት ተፈጥሮ እንደሆነና የጌሙ ሕግ ምን እንደሚል ያሰላል። ግራፊክስ ካርዱ ይህን ስሌት ተቀብሎ ሥዕሉን በስክሪኑ ላይ ይሥላል። በድግስ ቤት እንጀራ ሲጋገር አስቡት። አንዷ ሊጡን እያቀጠነች ታቀብላለች፤ ሌላዋ በምጣዱ ላይ ትጋግራለች። ምጣዱ ለአንድ እንጀራ ሦስት ደቂቃ የሚወስድ ከሆነ፣ ሊጥ አቀባይዋን ሁለት እጥፍ በምትፈጥን ብንለውጣት የሚወጣው እንጀራ በአንድም አይጨምርም። አቀባይዋ ቆማ ትጠብቃለች እንጂ።

በቁጥር ሲሆን እንዲህ ነው። ፕሮሰሰሩ ለአንድ ፍሬም 14 ሚሊ ሰከንድ፣ ግራፊክሱ 25 ሚሊ ሰከንድ የሚፈጅበት ጌም አለ እንበል። ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ ውጤቱን የሚወስነው የዘገየው ነው፤ 1000 ÷ 25 = 40 ፍሬም። አሁን ፕሮሰሰሩን ቀይረን 14ቱን ወደ 7 ብናወርደው ግራፊክሱ 25 ላይ ስለሚቆይ ውጤቱ ያው 40 ነው። 18,000 ፍራንክ ወጥቶ በስክሪኑ ላይ አንድም ለውጥ አይታይም ማለት ነው። ቁጥሮቹ ተገልብጠው ፕሮሰሰሩ 25፣ ግራፊክሱ 14 ቢሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፕሮሰሰሩን ወደ 15 ስናወርድ 1000 ÷ 15፣ ወደ 67 ፍሬም ገደማ እናገኛለን። ስለዚህ «አይ7 ከአይ5 ይበልጣል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ አይጠቅምም። መጠየቅ ያለበት ይህ ማሽን፣ በዚህ ጌም፣ የሚጠብቀው ማንን ነው? የሚለው ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ይነሳል ወይ?

ብዙ ጊዜ ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃል። የዴስክቶፕ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር በሶኬት ላይ ስለሚቀመጥ ማውጣትና መመለስ ይቻላል። የላፕቶፕ ግን እንደ ዘመኑ ይለያያል። በኢንቴል በኩል እስከ 4ኛው ትውልድ ድረስ በሶኬት የሚገቡ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ነበሩ። ከ5ኛው ትውልድ ጀምሮ ለላፕቶፕ ተብለው የተሠሩት ሁሉ በማዘርቦርዱ ላይ የተበየዱ ናቸው። የኤኤምዲ ራይዘን የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮችም እንዲሁ። የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ተገጥሞላቸው የወጡ ጥቂት ወፍራምና ውድ የጌም ላፕቶፖች አሉ፤ እነርሱን በየሰፈሩ አናገኛቸውም።

በ4ኛው ትውልድ በስሙ መጨረሻ ያሉት ፊደላት ይናገራሉ። በ«ኤም» ወይም በ«ኤምኪው» የሚያልቅ በሶኬት የሚገባ ነው፤ በ«ኤችኪው»፣ በ«ኤች» ወይም በ«ዩ» የሚያልቀው የተበየደ ነው። ኮር አይ7-4700ኤምኪው እና ኮር አይ7-4700ኤችኪው በስም መንትያ ይመስላሉ፤ አንዱ በካቻቢቴ ይወጣል፣ ሌላው አይወጣም። ለ2ኛውና ለ3ኛው ትውልድ ግን ፊደሉን ብቻ ማመን አይበቃም። ለምሳሌ ኮር አይ5-3210ኤም በሁለቱም ዓይነት ተሠርቷል። እዚያ ላይ ክዳኑን ከፍቶ በዓይን ማየት ነው፤ በሶኬት የሚገባ ከሆነ በጎኑ ሶኬቱን የምትቆልፍ አንዲት ብሎን ትታያለች።

«የተበየደውንም ቢሆን አንስተን እንቀይራለን» የሚሉ ጥገና ቤቶች አሉ። ሥራው በልዩ ማሞቂያ ብየዳውን አቅልጦ፣ ቺፑን አንስቶ፣ በሥሩ ያሉትን ከአንድ ሺህ በላይ ጥቃቅን የብየዳ ነጥቦች እንደገና መግጠም ነው። የሚችሉት ባለሙያዎች ቢኖሩም ሥራው የሞተን ማዘርቦርድ ለማስነሳት እንጂ የሚሠራን ማሽን ለማፍጠን የሚገባ አይመስለንም። ቢበላሽ የሚጠፋው ፕሮሰሰሩ ብቻ ሳይሆን ላፕቶፑ ነውና። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ በ«ኤችኪው» የሚያልቅ ማሽን ይዛ መጥታ ነበር፤ ስሙን አንብበን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ገንዘቧን ለሌላ ነገር እንድታስብበት ነገርናት።

የኛ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ማሽን ግን በ«ኤም» የሚያልቅ ስለሆነ ፕሮሰሰሩ ይነሳል። በቦታው ሊገባ የታሰበው ኮር አይ7-4700ኤምኪው በዚያው ሶኬት ላይ ይገጥማል። ነባሩ 2 ኮር፣ አዲሱ 4 ኮር ናቸው። የነባሩ ከፍተኛ ፍጥነት 3.1 ጊጋኸርዝ፣ የአዲሱ 3.4 ነው። ነባሩ 37 ዋት፣ አዲሱ 47 ዋት ሙቀት እንዲያወጡ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ተማሪው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ልዩነቶች በቃሉ ያውቃቸዋል። ሦስተኛውን ጥገና ቤቱም አልነገረውም።

መለካት

ለመለካት የሚያስፈልገው በነጻ የሚገኝ የሙቀትና የፍሬም ማሳያ ፕሮግራም ነው። ዘዴው ቀላል ነው። ጌሙን በ1920 በ1080 ጥራት ከፍታችሁ የፍሬሙን ቁጥር መዝግቡ። ከዚያ ሌላውን ሁሉ ሳትነኩ ጥራቱን ወደ 1280 በ720 አውርዱት። ግራፊክሱ የሚሥላቸው ነጥቦች ከ2,073,600 ወደ 921,600 ይወርዳሉ፤ ሥራው በ2.25 እጥፍ ቀለለት ማለት ነው። የፕሮሰሰሩ ሥራ ግን አይቀንስም፤ ኳሷ በትንሽ ስክሪንም በትልቅ ስክሪንም ያው አንድ ኳስ ናት። ስለዚህ ጥራቱ ሲወርድ ፍሬሙ ከጨመረ ሲያዘገይ የነበረው ግራፊክሱ ነው። ፍሬሙ ባለበት ከቆመ ፕሮሰሰሩ ነው።

በተማሪው ማሽን ላይ በሁለት ጌም ለካን። በእግር ኳሱ ጌም 34 የነበረው ፍሬም ወደ 57 ከፍ አለ። ጥፋቱ የግራፊክሱ ነበረና አይ7 ቢገባ እዚያ ላይ የሚጠቅመው ነገር የለም። በማይንክራፍት ግን 41 የነበረው 42 ሆኖ ቀረ፤ እዚህ ላይ ፕሮሰሰሩ ነው የሚጎትተው። ማይንክራፍት ግን የስሌቱን ዋና ክፍል በአንድ ኮር ላይ ስለሚጭን፣ የኮር ብዛት ከ2 ወደ 4 ማደጉ የሚሰጠው ጥቅም ትንሽ ነው። ጥቅሙ በአብዛኛው ከ3.1 ወደ 3.4 ጊጋኸርዝ ባለው ልዩነት ልክ፣ ማለትም 10 በመቶ ገደማ ነው። 41ዱ ፍሬም 45 ቢሆን ነው።

እዚህ ላይ ተማሪዎችን የሚያሳስተውን አንድ ነገር እንጥቀስ። ታስክ ማናጀር «ፕሮሰሰር 30 በመቶ» ሲል ብዙዎች ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ይመስላቸዋል። አይ5-4200ኤም በዊንዶውስ ዓይን አራት ሠራተኛ ሆኖ ነው የሚታየው። ከአራቱ አንዱ ላብ በላብ ሆኖ ሦስቱ ቢቀመጡ አማካዩ 25 በመቶ ነው። ጌሙን የሚያቆመው ግን ያ አንዱ ነው። ስለዚህ አማካዩን ትታችሁ እያንዳንዱን ለየብቻ የሚያሳየውን ግራፍ ክፈቱ።

መለኪያ ሳይኖራችሁ እንኳ መንቀራፈፉ የሚመጣበት ሁኔታ ብዙ ይናገራል። ጌሙ ወደ አዲስ ቦታ ሲገባ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ተገትሮ ከዚያ የሚቀጥል ከሆነ ራም ማነሱን ወይም ሃርድ ዲስኩ መዘግየቱን ጠርጥሩ። ቻርጀሩ ሲነቀል የሚብስ ከሆነ የኃይል ነገር ነው። መጀመሪያ ላይ ደህና ሆኖ ከሩብ ሰዓት በኋላ የሚወድቅ ከሆነ ደግሞ ሙቀት ነው። የኛው ተማሪ ማሽን ይህን ሦስተኛውን ምልክት ያሳይ ነበር፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ 34ቱ ፍሬም ወደ 22 ይወርዳል።

ሙቀት፦ በአገራችን ሳይሆን በምንኖርበት ከተማ

የጅቡቲ ሙቀት ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ እንደሚወጣ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልግም። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ «በእኔ ላይ አይ7 ሞክሬው ድንቅ ነው» ቢላችሁ ግን የሱ ክፍል 20 ዲግሪ መሆኑን አስታውሱ። የላፕቶፕ ማቀዝቀዣ ተአምር አይሠራም። ፋኑ የሚነፋው የክፍሉን አየር ስለሆነ ፕሮሰሰሩ ሁልጊዜ ከክፍሉ በሆነ ያህል ዲግሪ ይበልጣል። ያ ልዩነት ፕሮሰሰሩ ከሚበላው ዋት ጋር በቀጥታ ያድጋል።

ይህን በፊዚክስ ክፍል ከምናውቀው የተለየ ነገር አናደርገውም። የክፍሉን ሙቀት 33፣ የፕሮሰሰሩን 98 ዲግሪ ለካን። ልዩነቱ 65 ነው። ለ37 ዋት ሲካፈል በአንድ ዋት 1.76 ዲግሪ ይሆናል። የሁለቱም ፕሮሰሰሮች የሙቀት ጣሪያ 100 ዲግሪ ነው፤ እዚያ ሲደርሱ እንዳይቃጠሉ ራሳቸውን ያዘገያሉ። ተማሪው «ከሩብ ሰዓት በኋላ ይደክመዋል» ያለን ይህንኑ ነው። አሁን በዚሁ ማቀዝቀዣ ላይ 47 ዋት እንጫን። 1.76 × 47 = 83፤ ክፍሉ 33 ሲጨመርበት 116። ጣሪያው 100 ስለሆነ እዚያ አይደርስም፤ ከዚያ በፊት ራሱን ያዘገያል። ማለትም የተገዛው 47 ዋት ቢሆንም ማሽኑ የሚያሠራው 38 ያህሉን ብቻ ነው።

ከዚያ ማሽኑን ከፈትነው። በፋኑና በመዳብ ክንፎቹ መካከል አቧራው እንደ ስስ ጨርቅ ተነጥፎ አገኘነው። በዚህች ከተማ የበረሃው ነፋስ የሚያመጣው አቧራ ከባሕሩ እርጥበት ጋር ሲገናኝ እንዲህ ይጋገራል። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ተርማል ፔስትም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አጸዳን፣ ፋኑን በጣት ይዘን በነፋስ ነፋነው፣ አሮጌውን ፔስት በአልኮል ጠርገን የሩዝ ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት አደረግን። የወጣው ወጪ 1,000 ፍራንክ ነው።

በማግስቱ በዚያው ክፍል፣ በዚያው 33 ዲግሪ ስንለካ ፕሮሰሰሩ 81 ላይ ቆመ። ልዩነቱ ከ65 ወደ 48 ወረደ፤ በአንድ ዋት 1.3 ዲግሪ ማለት ነው። 34ቱ ፍሬም ከአንድ ሰዓት ጨዋታ በኋላም 34 እንደሆነ ቀረ። ለዚህ ነው ክበባችን ሳይጸዳ የተለካ ማሽን ላይ ምክር የማይሰጠው።

በአዲሱ ቁጥር የአይ7ን ነገር ደግመን እናስላው። 1.3 × 47 = 61። ኤር ኮንዲሽነር ባለበት በ25 ዲግሪ ክፍል 86፤ ምንም አይልም። በ33 ዲግሪ 94፤ ይይዛል ግን ጠባብ ነው። በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ኤር ኮንዲሽነር በሌለው 40 ዲግሪ ክፍል 101፤ ጣሪያውን አለፈ። ይህ ፕሮሰሰሩ ሙሉ ዋቱን ሲበላ ያለው ግምት ነው፤ በተጨማሪም በብዙ የጌም ላፕቶፖች ግራፊክሱና ፕሮሰሰሩ አንድ የመዳብ ቱቦ ስለሚጋሩ እውነቱ ከዚህ ሊብስ ይችላል እንጂ አይሻልም። ተማሪው የሚጫወተው መቼ ነው? ትምህርት ሲዘጋ፣ በክረምቱ ዕረፍት፣ ማለትም በሙቀቱ ልብ ላይ። ቤታቸው ኤር ኮንዲሽነሩ የሚበራው ማታ ለመኝታ ብቻ እንደሆነ እናቱ ነገሩን።

ሌሎቹን በአጭሩ

ማሽኑ የነበረው ራም 4 ጊጋባይት ሲሆን በአንድ ማስገቢያ ላይ ብቻ ነበር። ሁለተኛው ባዶ ነው። ተመሳሳይ 4 ጊጋባይት ያገለገለ ራም በ2,500 ፍራንክ ተገኘ። ሁለት ሲሆኑ መጠኑ ብቻ ሳይሆን ፕሮሰሰሩ ከሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚያነብ ፍጥነቱም ይጨምራል። ሲገዛ ዓይነቱ «ዲዲአር3ኤል» መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ዲዲአር4 አይገባበትም። የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ መቀየር ደግሞ የፍሬሙን ቁጥር አይጨምርም፤ ማሽኑ ሲነሳና ጌሙ ሲከፈት ያለውን መጠበቅ ግን በእጅጉ ያሳጥራል። ባለ240 ጊጋባይቱ 6,000 ፍራንክ ነበር።

ቻርጀር ላይ ቸል አትበሉ። በጀርባው የተጻፈውን ቮልትና አምፒር አባዙ። 19.5 ቮልት በ6.15 አምፒር 120 ዋት ነው፤ 19.5 በ3.33 ግን 65 ብቻ ነው። ሶኬቱ ገጠመ ብሎ በ65 ዋት ቻርጀር የጌም ላፕቶፕ የሚያሠራ ሰው ፕሮሰሰሩን ቢቀይር ምን ይጠቅመዋል? የኛው ተማሪ ቻርጀር ደህና ነበር።

ውሳኔው

በክበባችን ውስጥ አንድ ሐሳብ አልነበረም። ቪዲዮ የሚያቀናብሩት አባሎቻችን አይ7 ይግባ ብለው አጥብቀው ተከራከሩ። ነጥባቸው ትክክል ነው፤ ቪዲዮ ተቀናብሮ ሲወጣ ሥራው ለሁሉም ኮር ስለሚከፋፈል 4 ኮር በ2 ኮር ላይ ያለው ብልጫ እዚያ ላይ ጎልቶ ይታያል። ሆኖም ያን ሥራ ማታ አስጀምሮ መተኛት ይቻላል። ጌም እየተጫወቱ መተኛት አይቻልም። ገንዘቡ የተጠየቀው ደግሞ ለጌም ነበር።

ሚዛኑን የደፋው ግን የዓመት ጉዳይ ነው። ዊንዶውስ 10 የደኅንነት ማሻሻያ በመደበኛነት የሚያገኝበት ጊዜ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበላቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉት ናቸው። በዚህ ሶኬት ላይ የሚገባ ትልቁ ፕሮሰሰር 4ኛ ትውልድ ስለሆነ፣ ምንም ያህል ገንዘብ ቢወጣ ይህ ማሽን ያን ድንበር በይፋ አይሻገርም። ሊኑክስ መጫን ይቻላል፤ ለትምህርትም ጥሩ ነው፣ የሚጫወታቸው ጌሞች ሁሉ ግን አይሄዱለትም። ስለዚህ ለእናቱ የሰጠናቸው መልስ ይህ ነው፦ ማሽኑ ተጸድቶ፣ ራምና ኤስኤስዲ ተጨምሮለት ትምህርት ቤት እስኪጨርስ ያገለግለዋል ብለን እናስባለን፤ አይ7 ቢገባበት ግን በዚያ ዕድሜ ላይ አንድ ዓመት አይጨምርም።

ወጪው በጠቅላላ 9,500 ፍራንክ ሆነ። የቀረው 20,500 ፍራንክ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ለሆነ ያገለገለ ማሽን መነሻ እንዲሆን መከርን። ተማሪው ደስ አላለውም፤ ለጓደኞቹ «አይ7 አስገባለሁ» ብሎ ስለነበር ቅር መሰኘቱን አልደበቀንም። በእግር ኳሱ ጌም የጥላውንና የሣሩን ጥራት ዝቅ አድርገን 34ቱን ፍሬም 48 ስናደርስለት ግን ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ። ያ በነጻ ነው።

ይቀየር ያልነውም አለ

ሁሉንም «ይቅርባችሁ» ብለን አልመለስንም። አንድ መምህራችን ተመሳሳይ ላፕቶፕ አላቸው፤ በእርሱ ጌም ከመጫወታቸው ይልቅ የሚበዛው ለትምህርት የሚያዘጋጁት ቪዲዮ ነው። የሚሠሩት ኤር ኮንዲሽነር ባለበት ቢሮ ነው። ራሙም ኤስኤስዲውም ቀድሞ ተሟልቷል፤ ማሽኑ ለዚያ ሥራ ብቻ ስለሆነ ከኢንተርኔት ጋር አይገናኝም። በዚህ ላይ ያገለገለውን ቺፕ ከአዲስ አበባ በዘመድ እጅ በርካሽ አግኝተውታል። እዚህ ላይ ሁሉም መልስ «አዎ» ስለነበር እኛው ገጠምንላቸው።

ለመግጠም ያሰበ ሰው እንዲህ ያድርግ። መጀመሪያ የላፕቶፑ ሠሪ በዚያው ሞዴል ላይ ያንኑ ፕሮሰሰር ገጥሞ ሸጦ እንደሆነ ያጣራ። ሸጦ ከሆነ ባዮሱ ያውቀዋል፣ ማቀዝቀዣውም ታስቦበታል ማለት ይቻላል። በአንዳንድ ሞዴሎች ለአይ5 እና ለአይ7 የተሠራው ማቀዝቀዣ የተለያየ ስለሆነ ይህም ይታይ። ባዮሱ የሚታደስ ከሆነ የሚታደሰው አሮጌው ፕሮሰሰር በቦታው ሳለ ነው። ከዚያ ቻርጀሩ ይነቀል፣ ባትሪው ይውጣ፣ የማብሪያው ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ የቀረው ኃይል ይፍሰስ። የማቀዝቀዣው ብሎኖች በተጻፈባቸው ቁጥር ቅደም ተከተል በጥቂት በጥቂቱ ይላሉ እንጂ አንዱ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ወደ ሌላው አይኬድም። የሶኬቱ ብሎን በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ግማሽ ዙር ስትዞር ቺፑ ራሱ ይለቃል፤ ጉልበት ከጠየቃችሁ አንድ ነገር ልክ አይደለም፣ አቁሙ። አዲሱን ስታስቀምጡ በጥጉ ያለችውን ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ከሶኬቱ ምልክት ጋር አጋጥሙ። እግሮቹ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስለሆኑ አንዷ ከተጣመመች ማቃናቱ የሰዓታት ሥራ ነው።

ሥራውን ጥገና ቤት የሚሠራላችሁ ከሆነ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ቁጭ ብላችሁ ቢያንስ ለሃያ ደቂቃ ከባድ ሥራ አሠሩት፤ ሙቀቱን በዓይናችሁ እዩ፤ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስም እስከ መጨረሻው ፊደል አንብቡ። አሮጌውንም ፕሮሰሰር ተቀበሉ። የእናንተ ነው። አዲሱ በወሩ ውስጥ እምቢ ቢል ወደ ነበራችሁበት የሚመልሳችሁ እርሱ ስለሆነ እግሮቹ ወደ ላይ ሆነው በጠንካራ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። የመምህራችን አሮጌ አይ5 ወሩ ካለፈ በኋላ ለክበባችን ተሰጥቶ አሁን በመስታወት ሥር ነው፤ የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች እግሮቹን በአጉሊ መነጽር ሊቆጥሩ ሞክረው እስካሁን ቁጥራቸው አልተስማማም።